አሥራ ሁለቱ አግዳሚዎች

«እንዲቆሙ ብዬ ሰጠሁህ እንጂ እንዲቀበሩ አልሰጠሁህም» አለ ከፈለኝ ለሦስተኛ ጊዜ። አንዱን አግዳሚ ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላይ ሳበው። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። የብረት እግሮቹ አንድ ስንዝር መሬት ውስጥ ገብተዋል፤ ዙሪያቸውን ገና እርጥበቱ ያልለቀቀው ሲሚንቶ አንቆ ይዟቸዋል።

«ጋሼ፣ በማለዳ እንዲህ አይቆጡ» አለ የቤት ሠሪዎች ማህበሩ ሊቀመንበር ሙሐሲን። «ቁርስም አልበሉ፤ ልብዎን ያደክሙታል።»

«ልቤን ተወው። መቼ ነው የሚወጡት?»

ሙሐሲን መልሱን ለግንበኛው ተወለት። በራሶ የሚባለው ግንበኛ ወንዙ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ባልዲውን ያጥብ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ሲሚንቶ ይዛለች» አለ። «ብትጎትተው እግሩ ይሰበራል እንጂ አትወጣም።»

«ሰማህ?» አለ ከፈለኝ።

«እኔ ነኝ እንዲህ አድርገህ ትከል ያልኩት፤ ለምን አልሰማም። ያቺ መሐንዲስ አምና የሠራችንን ረሱት እንዴ? ዛፍ ነው ያልናትን በሁለት ጣቷ መዝዛ አወጣችው እኮ። ነገ መጥታ ወንበሩን ስትነቀንቀው ቢነቃነቅ፣ አሥራ አራት ቤተሰብ ነው አብሮ የሚነቃነቀው።»

ከፈለኝ የአምናውን አልረሳም። የማህበሩ አባላት በለገዳራ ወንዝ ዳር ያለውን ሜዳ ቤት ሊሠሩበት ሲረከቡ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃዱን የሰጣቸው አንድ ግዴታ አስሮበት ነው። ከውሃው ጠርዝ ሃያ ሜትር ድረስ ያለው መሬት አጥር የማይገባበት፣ ማንም መንገደኛ ገብቶ የሚያርፍበት የሕዝብ መናፈሻ ይሆናል፤ መናፈሻው ካልተሠራ ቤቶቹም አይሠሩም። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ነበር። ሁለቱ ዓመት ሲሚንቶ ሲፈለግ አለቀ። ተራዘመ። የተራዘመው ደግሞ ብረት ሲወደድ አለቀ። አምና ለሁለተኛው ማራዘሚያ የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ቦታውን ሊያይ ሲመጣ ችግኙ አልደረሰም ነበርና፣ ሙሐሲን የግራቪሊያ ቅርንጫፍ አስቆርጦ አርባ ቦታ ላይ ሰክቶ ጠበቀ። መሐንዲሷ ኤልቤቴል አንዱን መዘዘችው። በገጀራ የተቆረጠውን ጫፉን አየችው። ከዚያ መልሳ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ በጥንቃቄ ሰካችውና፣ «አንድ ዓመት። የመጨረሻው ነው» ብላ ሄደች።

ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያ አንድ ዓመት ነገ፣ ዓርብ ማታ፣ ያልቃል። ችግኞቹ በዚህ ጊዜ ሥር አላቸው። የእግር መንገዱም በድንጋይ ተነጥፏል። የፈቃዱ ደብዳቤ መቶ ሃያ ሜትር መንገድ ስለሚል፣ የቦታው ርዝመት ደግሞ ስልሳ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሙሐሲን መንገዱን ወንዝ ወንዙን ወስዶ፣ አዙሮ ወደተነሣበት መልሶታል። ገብቶ የሚዞር ሰው ከገባበት ሌላ መውጫ የለውም። የቀረው ደብዳቤው የጠቀሰው ሦስተኛው ነገር ነበር፤ አሥራ ሁለት ቋሚ አግዳሚ ወንበር። አናጺው እንጨቱ ከወርቃ ይመጣል ብሎ ነበር፤ የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረ አምስተኛ ቀኑን ይዟል።

ማክሰኞ ከሰዓት ሙሐሲን ከፈለኝ ቤት መጣ። የእድሩን አግዳሚዎች ለሦስት ቀን ብቻ፣ ኮሚቴው አይቶ እስኪሄድ፣ ይስጡኝ ብሎ ለመነው። ከፈለኝም እሺ አለ።

እሺ ያለበትን ምክንያት ቤቱን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱና ባለቤቱ ጽጌማርያም ሃያ ሰባት ዓመት የኖሩባት የቀበሌ ቤት መንገድ ስለሚያልፍባት ግድግዳዋ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባታል። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው አጥር ከፈረሰ፣ ቦይም ከተቆፈረ ወር አልፎታል። ሰኔ ሠላሳ ልቀቁ ተብለዋል። ከፈለኝ አሪቻ በሚባል ቦታ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጡረታው ዲላ ውስጥ ሁለት ክፍል ለመከራየት አይበቃም። ወንዝ ዳር ግን መሠረቱ የወጣ፣ አራት ቋሚ ብረቱ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ቤት አለው። ጣሪያ ሳይመታ ሰኔ ቢደርስ እንኳ በሸራ ሸፍኖ ይገባበታል። ፈቃዱ ከሞተ ግን መሬቱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመለሳል፤ ያቺም ሸራ የምትዘረጋበት ቦታ የላትም።

ሙሐሲን እሱን የመረጠው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ከፈለኝ የታችኛው ሰፈር እድር ንብረት ያዥ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቶቹ፣ ሳህኖቹ፣ አሥራ ስድስቱ ባለ ብረት እግር አግዳሚዎች በእሱ ቁልፍ ሥር ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከእድሩ ዕቃ ቤት የጠፋው አንድ ጭልፋ ነው፤ እሱንም ከቤቱ አምጥቶ ተክቷል። የእድሩ ደንብ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቆሞ ይነበባል። ዕቃው ከኀዘን በቀር ለምንም አይወጣም፤ ለሠርግ ቢሆን፣ ለማህበር ቢሆን፣ ለማን ቢሆን አይወጣም። ያወጣ ሰው ከመዝገብ ይፋቃል። ከመዝገብ የተፋቀ ሰው ቤት ሞት ሲገባ ጥሩምባ አይነፋም።

ይህ ለማስፈራራት ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት ግዛቸው የሚባል ጎረቤት ከፈለኝን ተክቶ ቁልፍ በያዘበት ሳምንት ሁለት ትልልቅ ድስት ለእህቱ ልጅ ሠርግ አውጥቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዕቃ ሲቆጥር የድስቶቹ ቂጥ አዲስ ጥላሸት እንደያዘ ያየውና ለእድሩ የተናገረው ራሱ ከፈለኝ ነው። ግዛቸው ተፋቀ። በዓመቱ አባቱ ሲሞቱ ሬሳውን ከመናኸሪያ የመጡ አራት ወዛደሮች ተሸክመው ወጡ። ከፈለኝ በሩ ላይ ቆሞ አይቷቸዋል። ሰዎቹ አንድ ቁመት ስላልነበሩ ሳጥኑ ወደ አንድ በኩል አዘንብሎ ነበር የሄደው።

«ለሦስት ቀን ያልከኝ አንተ ነህ» አለ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀለምም ቀባሃቸው፤ ዝም አልኩ። ለሦስት ቀን ስትል ግን…»

ሙሐሲን ቅን ሰው ነበር፤ ሲያጠፋም በቅንነት ነው የሚያጠፋው። ከዓርብ በኋላ እግራቸውን አስቆርጦ፣ በአዲስ ብረት አስበይዶ፣ ከነበሩት የተሻሉ አድርጎ እንደሚመልሳቸው መማል ጀመረ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ማን ይሞታል፣ አለ።

ጥሩምባው የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ከድልድዩ ማዶ፣ ከታችኛው ሰፈር በኩል፣ ረዥምና የተሰነጠቀ ድምፅ መጣ። በራሶ ባልዲውን አስቀምጦ ተነሣ። ሦስቱም ጆሯቸውን ሰጡ። ጥሩምባ ነፊው ሲቀርብ ቃሉ ተለየ፤ እማማ አትጠገብ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ይናገር ነበር። እማማ አትጠገብ የከፈለኝ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ትናንት ማታ ሲያስሉ ሰምቷቸዋል።

ሙሐሲን ኮፍያውን አወለቀ። 

*

የእድሩ ዳኛ አቶ መልከጼዴቅ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከፈለኝ ሲደርስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር። ሞት ሲሰሙ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት ለብሰው ይጠብቃሉ።

ከፈለኝ መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። አጥፍቻለሁ ይላል። ወንበሮቹ ከዕቃ ቤት ወጥተዋል፣ ለኀዘን አይደለም፣ አሁን ደግሞ መሬት ይዟቸዋል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ይቀበላል። ግን አቶ መልከጼዴቅ ቀደሙት። እማማ አትጠገብ ግቢ ድንኳን እንደማይተከል፣ ቦዩ እስከ ደጃፉ እንደመጣ፣ ሰዉ መንገድ ላይ ይቀመጥ ቢባል ደግሞ መኪና እንዳለ አንስተው፣ የት ብናደርገው ይሻላል ብለው ጠየቁት።

መልሱ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው።

«ወንዝ ዳር ሜዳ አለ። የማህበራችን ነው። ከሊቀመንበሩ ጋር ተነጋግረናል፤ ምንም አይል።»

አቶ መልከጼዴቅ አሰቡ። ከሟች ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ደልዳላ ነው። ውሃም ቅርብ ነው። «ድንኳኑን ዛሬ ካስተከልን… ወንበርስ?»

«ወስጃለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን ጠዋት። ጥሩምባው እንደተሰማ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ከፈለኝ ተይዣለሁ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ንብረቱ አንተ እጅ ባይሆን ኖሮ ይኼ እድር እስካሁን ፈርሶ ነበር» አሉ። «ይኼን በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ አጥፍቻለሁ የሚለው ቃል የሚገባበት ክፍተት አልነበረም። አብረው ወጡ፤ በመንገድ ላይ ስለ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ሟች ልጅ ስለ ገበያነሽ እያነሡ ሄዱ። ገበያነሽ ጪጩ ገበያ ነው የምትውለው፤ መልእክት ተልኮባት ነበር።

ከፈለኝ ወንዝ ዳር ሲመለስ ጽጌማርያም ቀድማው ደርሳለች። አንድ ሸክም ለምለም ሣር ከነነዶው አምጥታ፣ ጎንበስ ብላ ከወንበሮቹ ሥር ትጎዘጉዛለች። ሣሩን መሬቱ ላይ ሁሉ አልበተነችውም። የየወንበሩን እግር ዙሪያ እየመረጠች፣ ወፈር አድርጋ፣ በእጇ ጠፍጠፍ እያደረገች ነበር። ማን እንደነገራት አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም። አሥራ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች፤ ዓይኗ ከወንበሮቹ አልፎ፣ አራቱ የዛጉ ብረቶች የቆሙበትን የእነሱን መሠረት አየ። ማእድ ቤቱ በየት በኩል እንደሚሆን ከአራት ዓመት በፊት በእንጨት ጭራ አሳይታዋለች። ነዶ የታሰረበትን ገመድ ጠቅልላ ይዛ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

ቀብሩ በሰዓቱ ሆነ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ወንዝ ዳር ወረደ። ድንኳኑ ከአግዳሚዎቹ በላይ ተተክሎ ስለነበር፣ ወንበሮቹ ለድንኳኑ ተብለው የመጡ ነበር የሚመስሉት። አቶ መልከጼዴቅ አረንጓዴውን ቀለም አይተው ቅንድባቸውን አነሡ። ከዝገት እንዲጠብቃቸው ብዬ ነው፣ አላቸው ከፈለኝ፤ ይህ የዕለቱ ሦስተኛ ውሸት ነበር፤ እንደ መጀመሪያው አልገረመውም። ሽማግሌው ጥሩ ነው አሉና ተቀመጡ። አንዱ እድርተኛ ለሴቶቹ ቦታ ለማስፋት ወንበሩን ገፋ ለማድረግ ሲሞክር ከፈለኝ ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጣ። ተወው፣ እዚያው ጥሩ ነው፣ ብሎ አራቱን ትርፍ ወንበሮች ራሱ ተሸክሞ አቀረበለት።

ግዛቸውም መጥቶ ነበር። ከተፋቀ ጀምሮ የሰፈሩ ለቅሶ አይቀርም፤ አይቀመጥም እንጂ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ውሃ የጎደለበትን ባልዲ ሳይታዘዝ እያነሣ ይሞላል። ከፈለኝ በፊቱ ባለፈ ቁጥር ወደ መሬት ያያል።

*

ሙሐሲን ዓርብ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጉብኝቱ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ ለምኖ ነበር። ለቅሶ አለ፣ ነውር ይሆናል አላቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ ፈቃዱ ዛሬ በአሥራ አንድ ተኩል ያበቃል፤ ዛሬ ካልታየ ነገ የሚታይ ነገር የለም። እያላበው ተመልሶ መጥቶ ይህንኑ በከፈለኝ ጆሮ ነገረው። ከዚያ ነጠላ ተውሶ ለብሶ፣ ከሟች ዘመዶች ይልቅ አንገቱን ደፍቶ፣ ከፈለኝ አጠገብ ተቀመጠ።

«ቀና በል» አለው ከፈለኝ በሹክሹክታ። «ልጃቸው እንኳ እንዲህ አልሆነችም።»

«እኔም እኮ ኀዘን ላይ ነኝ፣ ጋሼ። የራሴን አልቅሼ ልጨርስ።»

ስምንት ሰዓት አልፎ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ድልድዩን ተሻገረች። ኤልቤቴል ከሁለት ሰዎች ጋር ወረደች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ፋይሏን ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት ነች። ድንኳኑን ስታይ ቆመች። ከጓደኞቿ ጋር ተነጋገረች። ከዚያ ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ገብተው ለገበያነሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት፤ ተቀመጡ፤ የመጣላቸውን ንፍሮ በመዳፋቸው ተቀብለው ቆረጠሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ስለ ፈቃድ አላነሣም። ወንዙ በሚያዝያ ዝናብ ሞልቶ ስለነበር ድምፁ ከሰዉ ዝምታ በላይ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ኤልቤቴል ይቅርታ ጠይቃ ተነሣች። አንዱ ሰው መንገዱን በሜትር ለካ። አንዱ ችግኞቹን ቆጠረ። እሷ ራሷ አንድ ችግኝ ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ያዘችና ሳብ አደረገች፤ ችግኙ ያዘባት። ፈገግ አለች። ተመልሳ ወደ ድንኳኑ ስትመጣ ከፈለኝ የት እንደምትሄድ ከእግሯ አቅጣጫ ዐወቀ። ወደ ዳር ወዳሉት ባዶ ወንበሮች አልሄደችም። የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ አቶ መልከጼዴቅ ፊት ቆመች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይነሡ አልልም፤ ትንሽ ላነቃንቀው ነው።»

ሽማግሌው በቸርነት እግራቸውን ሰበሰቡላት። እሷ የወንበሩን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተችው። መልሳ ገፋችው። ወንበሩ ከነተቀመጡበት አምስት ሰዎች ጋር እንደ ግንብ ጸና።

«እንዲህ ነው እንጂ» አለች። ጎንበስ ብላ ሣሩን በእጇ ገለጥ አደረገች። «ሲሚንቶውም በደንብ ነው የተሞላው። አምና ዛፉ እጄ ላይ ቀርቶ ነበርኮ፣ አባቴ። ለዚህ ነው።»

አቶ መልከጼዴቅ ወደ ታች አዩ። በሁለቱ ጫማዎቻቸው መካከል፣ ሣሩ በተገለጠበት፣ ክብ ሲሚንቶ ይታያል። በከዘራቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው ወንበር አሻግረው አዩ፤ ከእሱ ወደሚቀጥለው። ሣሩ ለምን በየእግሩ ሥር ብቻ እንደወፈረ የገባቸው ያን ጊዜ መሆን አለበት። ፊታቸው አልተለወጠም። ተማሪ ሲኮርጅ ያየ አስተማሪ እንደሚያደርገው፣ ፈተናው እስኪያልቅ ጠበቁ።

ኤልቤቴል ፋይሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለቅሶውን ላለመረበሽ፣ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። ወንበሮቹ የመናፈሻው ንብረት መሆን አለባቸው። የተውሶ ከሆኑ አይቆጠሩም። ስለዚህ ማስፈረም አለባት፤ የሚፈርመው ሰው ወንበሮቹ የማን እንደሆኑ ይናገራል፣ ከዛሬ ጀምሮ በማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ንብረት መዝገብ ይሰፍራሉ፣ ከቦታቸው አይነሡም። ሊቀመንበሩ ይፈርማል፣ ብላ ሙሐሲንን ፈለገችው።

ሙሐሲን አንገቱን እንደደፋ አልተንቀሳቀሰም። እዚያ ለመድረስ ብዙ ነገር አድርጓል፤ ይህችን ግን ማድረግ አልቻለም፤ የሰው እድር ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ከፈለኝ መለሰ።

«ሊቀመንበሩን ተዪው፣ ልጄ» አሉ አቶ መልከጼዴቅ። «ንብረት የሚያውቀው እሱ ነው። ያውልሽ። ከፈለኝ፣ መልስ ስጣት። የማን ናቸው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ረድፍ ሰምቷል። ጽጌማርያም ከሴቶቹ መካከል ሆና ሰምታለች፤ የያዘችውን ሰፌድ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

ከፈለኝ ተነሣ። የእድሩ ናቸው ቢል ውሸቱ እዚህ ያቆማል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲባል ምሕረት ይደረግለት ይሆናል፤ ባይደረግለትም እውነት ተናግሮ ነው የሚፋቀው። ኤልቤቴል ግን ፋይሏን ትዘጋለች፤ አሥራ አራት መሠረት ሣር ይበቅልበታል፤ ሰኔ ሠላሳ እሱና ጽጌማርያም ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው የሚሄዱበት አቅጣጫ የለም። የመናፈሻው ናቸው ቢል ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ ሞት ሲገባ ደግሞ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ጋ መግባቱ አይቀርም፣ ሌላኛው ደጃፍ ላይ ብቻውን ቆሞ ከመናኸሪያ የሚመጡትን ሰዎች ይጠብቃል። ያ ያዘነበለ ሳጥን ዓይኑ ላይ መጣ። የትኛውም በኩል በር አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ማክሰኞ እሺ ብሎ ዘጋው።

ጽጌማርያምን አየ። እሷ እሱን አላየችም። የዛጉትን ብረቶች ነበር የምታየው።

«የመናፈሻው ናቸው» አለ።

«የማህበሩ ስጦታ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊው።»

እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ። እጁ የመጋዘን እጅ ስለነበር ፊርማው እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነበር። ኤልቤቴል ቀን አስገባችና ማህተሟን ከቦርሳዋ አውጥታ መታችበት። መናፈሻው ተሟልቶ ስለተገኘ የቤቶቹ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። እንዲህ ያለ መናፈሻ ሌላ ቦታ አላየሁም አለች ለሽማግሌው፣ ለማጽናናት ያህል፤ ገና ሳይመረቅ ሕዝቡ ተቀምጦበታል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁላት። ሦስቱም ገበያነሽን ደግመው ተሰናብተው ሄዱ።

ከፈለኝ አሁንም ቆሞ ነበር። አቶ መልከጼዴቅ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ወደ እሱ ዘንበል አሉ። ድምፃቸው የትናንት ጠዋቱ ድምፅ ነበር፤ ምንም አልተጨመረበትም።

«እሑድ ስብሰባ አለ» አሉ። «መዝገቡን ይዘህ ና። እስከዚያ ሠልስቱ ይለቅ፤ ሰው ፊት አንነጋገርም።» ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ «ተቀመጥ፤ ቆመህ አትታይ» አሉት።

ተቀመጠ። ሙሐሲን ከጎኑ በጣም ቀስ ብሎ፣ አሥራ ስድስት አዲስ አግዳሚ ለእድሩ አሠራለሁ፣ ወላሂ፣ ይለዋል። ከፈለኝ ሙሐሲን እንደሚያደርገው ያውቅ ነበር። ነገሩ የወንበር እንዳልሆነም ያውቅ ነበር። ግዛቸውም ድስቶቹን አሽቶ፣ ከነበሩት አስመስሎ መልሷቸዋል።

ወደ አሥር ሰዓት ደመናው ወርዶ ወንዙ ላይ ተኛ፤ ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ውጭ የነበረው ሰው ወደ ድንኳኑ እየተገፋፋ ገባ። ተጠጉ፣ ለእሷ ቦታ ልቀቁላት፣ ልጁን እቀፊው ይባባላሉ። ከፈለኝ እጁን ኪሱ ከተተ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ፣ ከአሮጌ ጫማ ማሰሪያ የተሠራውን ማንጠልጠያውን ጣቱ ላይ አንዴ ጠቀለለው፤ ፈታው። ሲነሣ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠው።

በሰዉ ፊት ላለማለፍ ብሎ በድንኳኑ ጀርባ፣ በወንዙ በኩል ወጣ። የድንጋዩን መንገድ ያዘ። ችግኞቹ በግራና በቀኝ ቆመው ይንጠባጠባሉ። ውሃው አጠገቡ እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ማዶው ገደል ነው፤ ከዚያ በላይ የሰው እንሰት አጥር። እየሄደ ሳለ መንገዱ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ያን ጊዜ ነው የት እንደሚወስደው ያስታወሰው። መቶ ሃያ ሜትር። ሙሐሲን ለልኩ ሲል ያዞረው መንገድ፣ ዞሮ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አወጣው።

ቆመ። ሌላ በኩል አልነበረም። አንገቱን ሳይደፋ በፊታቸው አለፈ። አቶ መልከጼዴቅ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወንዙን ያያሉ። ጽጌማርያም ለገበያነሽ ነጠላ ታስተካክልላታለች። ሙሐሲን አንድ ሽማግሌ ስለ ቆርቆሮ የሚጠይቁትን ይመልሳል። ግዛቸው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ነፋስ ያላላውን የድንኳን ገመድ እየሳበ ችካሉ ላይ ያጠብቃል። ከፈለኝ ተቀምጦበት በነበረው ጫፍ ላይ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ አንዱ የቆረቆረውን ቁልፍ ከሥሩ አውጥቶ አየውና፣ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል ብሎ ጎኑ አስቀመጠው። ንፍሮ የያዘች ልጅ ሳህኑን ለሰውዬው አቀረበችለት፤ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወደ ጎረቤቱ አሳለፈው።